ቤሳ ቤስቲን በጀርመንኛ

«ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚል ሰው ቤሳ በእጁ ይዞ አያውቅም። ቃሉ የህንዱ ፓይሳ ዘመድ ነው፤ ከባሕር ንግድ ጋር ተሻግሮ የመጣ። ጣሊያኖችም በሶማሊያ ግዛታቸው እ.ኤ.አ. በ1909 «ቤሳ» የሚባል የነሐስ ሳንቲም አውጥተው ነበር። ገንዘቡ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ማጣት ግን ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። «ቤስቲን» የታከለችው ደግሞ ቤሳ ብቻዋን የማጣቱን ልክ ስላልሞላችው ይመስላል።

አማርኛ የሰው አገር ሳንቲም ስም ለመውረስ አይሰስትም። «ሳንቲም» ራሱ የፈረንሳዮች ነው። ሽልንግ የእንግሊዞች ትራፊ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አገር ውስጥ ይሠራበት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሃምሳ ሳንቲምም ሽልንግ ተብሎ ቀረ። ስሙኒማ ስሟ ከዐረብኛው «ስምንተኛ እጅ» ጋር ይዛመዳል፤ ሆኖም አራት ስሙኒ አንድ ብር ይሞላል። በስሟ ሒሳብ የሠራባት ስለሌለ የከሰረም የለም።

ፍራንክፈርት ውስጥ ሌሊት የባንክ ቢሮዎችን የምታጸዳ አንዲት እናት ይህን ሁሉ ስም ይዛ ሄዳለች። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ሲደውል «ዩሮ የሚታዘዝበት ከተማ ተቀምጠሽ!» ይላታል። አልተሳሳተም፤ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በማይን ወንዝ ዳር የቆመው እዚያው ነው። ስለዚህ ለወንድሟ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ብትለው ወይ ቀልድ ይመስለዋል፣ ወይ ስስት። ቃሉን እንደ ልቧ የምትናገረው ቤቷ ውስጥ፣ እዚያው ተወልዶ ባደገው የ12 ዓመት ልጇ ፊት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አይገባውም።

የመብራት ውዝፍ ሒሳብ የመጣ ቀን ስልኩን የያዘው ልጁ ነበር፤ አስተርጓሚዋ እሱ ነው።

«ንገራቸው፣ ቤሳ ቤስቲን የለኝም።»

ልጁ ስልኩን በእጁ ሸፈነ። «እማ፣ ቤሳ ምንድን ነው?»

«ምንም ማለት ነው።»

ልጁም በጀርመንኛ «ምንም የላትም» አለ። ከወዲያ ያለው ድምፅ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ።

ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ግን የእናቱን ልብስ ገፈፋት። ቤሳ የምትጠራ ሴት በእጦቷ ላይ ትንሽ እያሾፈች ነው፤ ነገ ሊሞላላት ይችላል። «ምንም የላትም» የተባለችው ግን እርጥባን የምትጠብቅ ሆነች። ኪስ ባዶ መሆኑን በሳንቲም ስም መናገር በሰውየውና በባዶው መካከል አንዲት ሳንቲም ታህል ክብር ታስቀምጣለች።

ጀርመንኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አጥቶ አይደለም። ከታች ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት፣ ልጁ ነገሩን ሲያጫውታቸው ሳቁ። «ቀይ ሄለር የለኝም» በላቸው እንጂ! ሄለር ስሙን ሽቬቢሽ ሃል ከምትባል ከተማ ያገኘ የድሮ ሽርፍራፊ ነው፤ ቀይ ያሰኘው መዳቡ ነው። ግሮሸንም እንዲሁ ነው። ዩሮ እ.ኤ.አ. በ2002 መጥቶ ማርክን እስኪተካ ድረስ ሰዉ አሥር ፕፌኒግን ግሮሸን ይለው ነበር። ዛሬም ነገር ዘግይቶ የገባውን ሰው «ግሮሸኑ ወደቀለት» ይሉታል፤ ሳንቲም ጎርሶ ቀጭ ሲል ሥራ እንደሚጀምር ማሽን።

(የሁለቱ አገሮች ኪስ ቀድሞም ይተዋወቃል። አገሬው ጠገራ ብር ያለው የማርያ ቴሬዛ ታለር በብዛት ከተመታባቸው ስፍራዎች አንዷ ዛሬ የጀርመን ባቫርያ ውስጥ ያለችው ጉንዝቡርግ ናት። እቴጌይቱ የሞተችበትን 1780 እንደያዘ ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖሯል።)

ልጁ ማታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለመብራቶቹ ደብዳቤ ጻፈ። ሄለሯን ከነቀይነቷ አስገባት። እናቱ ከጀርባው ቆማ የማታነበውን ጽሑፍ ስታይ ቆየች።

«ምን አልክ?»

«ቤሳ ቤስቲን የለንም አልኩ።»

«ቤስቲንን በምን ጻፍካት?»

«እሷ አልገባችም» አለ ልጁ፤ «በወር በወር ሃያ ዩሮ እንከፍላለን ብያለሁ።»