በሔሬዝ ዝም ብሎ አይጨበጨብም

ደቡብ ስፔን፣ ሔሬዝ ከተማ፣ ሳንቲያጎ ሰፈር። የፍላሜንኮው ቡሌሪያ አገሩ እዚህ ነው። እናንተዬ፣ እጃችሁን ቢበላችሁም ለጭብጨባ አትቸኩሉ! አንዱ ዙር 12 ምት አለው፤ ጠንከር የሚሉት 12፣ 3፣ 6፣ 8 እና 10 ናቸው። አዎ፣ ብዙዎቹ ቆጠራውን ከ12 ነው የሚጀምሩት፤ እንግዳ የሚደናበረውም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ በሦስት በሦስት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በሁለት በሁለት ብላችሁ ያዙት።

ጨፋሪዋ መሐል ገብታ መሬቱን ደብደብ ስታደርግ «ያማዳ» ይሉታል፤ ዘፋኙን «በል ጀምር» ማለቷ ነው። እሱ ሲዘፍን እሷ ቁጥብ ናት፤ ስንኙ ሲያልቅ ነው እግሯ የሚናገረው። ታዲያ ያኔ ምት የሳተ ጭብጨባ ጭፈራዋን ያበላሽባታል፣ ፊትም ያስጠቁራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያውን ምሽት በእግር ጣታችሁ ጫማችሁ ውስጥ ቁጠሩ። በሁለተኛው፣ መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ።