ገና ታኅሣሥ 28

እኛ ቤት ሁለት ገና ይከበራል። አንደኛው ዲሴምበር 25 ነው፤ ጎረቤቶቻችን በራቸው ላይ መብራት የሚሰቅሉበት፣ ባለቤቴም ታክሲውን አቁሞ እንቅልፉን የሚጠግብበት። ሁለተኛው ጃንዋሪ 7፣ የእናቴ ገና፣ ድፎ የሚደፋበትና ዶሮ የሚሠራበት ነው። በሁለቱ መካከል ያሉትን ቀናት ልጆቹ “መሐል ገና” ብለው ስም አውጥተውላቸዋል።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጆቼን የማስተምራቸው እኔው ራሴ፣ እዚሁ ቤት ነው። በ2020 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ “ለጊዜው” ብለን ጀመርን፤ ጊዜው ይኸው እስካሁን አላለቀም። ግዛቱ የሚጠይቀን ስምንት የትምህርት ዓይነቶችን ነው፤ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጀምሮ እስከ ሙዚቃና ስፖርት። ልጆቹ የሠሩትን በፋይል እናጠራቅምና የሚገመግም ሰው ያየዋል። ቤተ ክርስቲያን ያሉ እኅቶች “ልጆቹ ሰው ሳይለምዱ አይቀሩም ወይ?” ይሉኛል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹን ሲያተራምሱት ያየ ሰው ግን ይህን አይጠይቅም።

በመሐል ገና መጽሐፍ እንዘጋለን። እንዘጋለን እላለሁ እንጂ እኔ ውስጤ አይዘጋም። ሌሎች ልጆች ጥለዋቸው እንዳይሄዱ የሚል ፍርሃት አለብኝ፤ ስለዚህ የቤቱን ሥራ ሁሉ ሳላስበው ትምህርት አደርገዋለሁ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ዱቄት ትሰፍራለች፤ “ለአንድ ድፎ 6 ኩባያ ከሆነ፣ ለአንድ ተኩል ስንት?” እላታለሁ። እርሾውን ለብ ባለ ውኃ በጥብጣ አረፋ እስኪያወጣ ትጠብቃለች፤ እርሱም ሳይንስ ነው። ዶሮዋን ስገነጣጥል 12 ብልት ትቆጥራለች። ዘንድሮ ቆጥራ 11 አመጣችና ጉድ ስንል አንዷን ድመቷ ወስዳት አገኘናት። (ይህ የየትኛው ትምህርት ዓይነት እንደሆነ እስካሁን አልወሰንኩም።)

የምነግራችሁ ግን የወንድሟን ነው። ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ገና ሰሞን ነው። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የእኛንና የፈረንጆቹን ቀን ጎን ለጎን የያዘ ካላንደር በካርቶን ላይ እንዲሠራ ሰጠሁት። በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመረ፣ እያንዳንዱን ወር 30 አድርጎ ደረደረ። እንቁጣጣሽን ያከበርነው ሴፕቴምበር 12 እንደነበር ከፎቷችን ላይ አይቶ መስከረም 1ን እዚያ ጻፈና ቁጥሩን ተያያዘው። ሲጨርስ ካርቶኑን ይዞ እየሮጠ መጣ። ጃንዋሪ 7 ላይ ታኅሣሥ 28 ይላል።

“ገና ታኅሣሥ 29 ነው። አንድ ቀን ጎድሎብሃል፤ እንደገና ቁጠር” አልኩት።

ቆጠረ። 28 ሆነ። ሽንኩርት እያቁላላሁ ስለነበር ዞርም ሳልል “አሁንም ተሳስተሃል፤ ቶሎ ቶሎ ስለምትሠራ ነው” አልኩት። በላጲስ ሲፈገፍግ ይሰማኛል። በሦስተኛው መጣ፤ ጃንዋሪ 7 ላይ 29 ተጽፏል። “ጎሽ! አየህ ስትረጋጋ?” ብዬ ግንባሩን ሳምኩት። እርሱ ግን ደስ አላለውም። ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ደሴ ላለችው እናቴ ደወልን፤ እዚያ ወደ ማታ ነው። እናቴ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠረችው፣ እኅቴን በጀርባዋ አዝላ። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሷን አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከዘፍጥረት ትጀምራለች። ልጄ ስልኩን ተቀብሎ “እማማ፣ ገና ስንት ቀን ነው?” አላት።

“ዘንድሮ በሃያ ስምንት ነው፣ የኔ ጌታ። አምና ጳጉሜን ስድስት አልነበረች? ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በዮሐንስ ገና በሃያ ስምንት ይውላል።”

ልጄ ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ካርቶኑን አምጣው አልኩት። በላጲስ ብዛት ያቺ ሣጥን ሳስታ ልትቀደድ ደርሳለች። ከላይ ደግሞ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 የነበረው 11 ሆኗል። ፎቶው 12 እንደሚል ያውቃል፤ ራሱ ነው ያሳየኝ።

“ይሄን ለምን ቀየርከው?”

“አንቺ ያልሽው እንዲመጣልሽ።”

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ገባብኝ። በዘዳግም ምዕራፍ 6 እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆቻችን በቤት ስንቀመጥም በመንገድ ስንሄድም እንድናስተምር እንዳዘዘ ቤት የማስተማሬን ነገር ለሚጠይቁኝ ሁሉ እናገራለሁ። በቤት ተቀምጬ ያስተማርኩት ግን እናት ደስ እንዲላት እውነቱን መደለዝን ነበር። ልጆቼ የኤፌሶን ምዕራፍ 6ን የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች በቃላቸው ይላሉ፤ ለወላጆች መታዘዝን የሚናገሩትን። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ የሚናገረው አራተኛው ነው። እዚያ ላይ ደርሰን አናውቅም ነበር።

እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም። ቢጸጸት ቁርጥ ሥጋ ያጎርሳል፣ ወይም ሳንቲም ይሰጣል፤ ልጁም ገብቶት ይተወዋል። እኔም መጀመሪያ እጄ የሄደው ወደ ድፎው ነው። ቆርሼ ልሰጠው ቢላዋ አንስቼ ነበር። ከዚያ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

“ትክክል ነበርክ። ሳላይ ነው የፈረድኩብህ። ሳትሳሳት ተሳሳትክ ስላልኩህ፣ ይቅር በለኝ።”

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “እሺ” አለ። ቀጥሎ “አሁን ልመልሰው?” አለኝ። ሣጥኗን ከጀርባዋ በፕላስተር ለጥፈን 28ን ጻፈባት። እንቁጣጣሽንም ወደ ቦታዋ መለሳት።

ድፎውን ከዚያ በኋላ ቆረስን፤ ስንጨቃጨቅ ሥሩ አርሮ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሳልጠይቀው ካርቶን በካርቶን እየቀጠለ ወደፊት ቆጠረ። ፈረንጆቹ በዚያ ዓመት ፌብሯሪን 29 እንደሚያደርጉ ሲደርስበት ጮኾ ጠራኝ፤ እኛ በጳጉሜን የጨመርናትን ቀን እነርሱ ያኔ ይጨምሩና ቀኑ ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል። ይህን እኔ አላስተማርኩትም፤ አላውቀውምም ነበር።

ማርች 1 ቀን ጠዋት ሳልነሳ አልጋዬ ዳር ቆሞ አገኘሁት፣ ካርቶኑን ይዞ።

“እማ፣ ዛሬ የካቲት 22 ነው። እኔ ቆጥሬያለሁ። አንቺም ቁጠሪው።”

መነጽሬን ፈልጌ ከመስከረም ጀመርኩ።