ከደንገጎ እስከ ደቻቱ

ወጣት አንባቢዎች! ዛሬ ወደ ድሬዳዋ አብረን እንጓዛለን። እግረ መንገዳችንንም ስለ አየር ጠባይ እንማራለን።

በሐምሌ ወር ነው። እኛ አስተማሪዎች ስምንት ተማሪዎች ይዘን ከሐረማያ ተነሣን። ጠዋቱ ይበርዳል። ጋቢ የደረበም ነበር። ደንገጎን ስናልፍ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ድሬዳዋ ስንደርስ ጋቢው ተጠቅልሎ ብብት ሥር ገብቷል።

«ደጋው ለፀሐይ ይቀርብ የለም እንዴ? ታዲያ ቆላው ለምን ይሞቃል?» አለ አንዱ ተማሪ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። ፀሐይ ይበልጥ የምታሞቀው መሬትን ነው። መሬት ደግሞ በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ ይቀዘቅዛል። ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋ ግን 1200 ሜትር ያህል ነው።

እርጥብ አየርም ተራራ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ ደመና ይሆናል፤ ደመናውም ይዘንባል። ስለዚህ ከተማው ሳይዘንብ ተራራው ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ደቻቱ ደረስን። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የእኛም ተማሪዎች ኳስ ይዘው ወረዱ። እኛም ዝም አልን።

አንዲት እናት ከዳር ሆነው ጮኹ። «ውጡ አቦ! ልጆቼ፣ ውጡ!»

«እማማ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው» አልናቸው።

«የራሳችሁን ሰማይ አትዩ። የደንገጎን እዩ!»

ዞር ብለን አየን። ተራራው በጥቁር ደመና ተሸፍኗል። ጠዋት ያስተማርነውን ከሰዓት ረሳነው ማለት ነው። ተማሪዎቹን ጠርተን አወጣን። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደፍራሽ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ኳሱ ቀርቶ ነበርና ወሰደው። ማንም ስለ ኳሱ አልተናገረም።

እኒያ እናት የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ አይተዋል። ሐምሌ 30 ቀን ለእሑድ አጥቢያ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ደቻቱ ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። «ጎረቤቶቼን በአንድ ሌሊት አጣሁ» አሉን። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ደራሽ ጎርፍ ግን አያሳስቅም፤ ድንገት ይደርሳል።

ወጣቶች ሆይ፣ እነዚህን አትርሱ።

1. በክረምት ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትጫወቱ፤ አትተኙ፤ ከብትም አታሳድሩ።
2. ከወንዙ ራስጌ ያለውን ሰማይ እዩ።
3. ውሃው ከደፈረሰ፣ ጭራሮ ካመጣ ወይም ከሩቅ ጉምጉምታ ከተሰማ ወደ ከፍታ ሩጡ። ዕቃ ለማንሣት አትመለሱ።
4. ጎርፍ አትሻገሩ። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚል ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ደግሞ መኪና ይወስዳል።
5. ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ሩቅ አይደለም። ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።

መብረቁ ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ ይቻላል። ብልጭታውን ስታዩ በሰኮንድ መቁጠር ጀምሩ። ድምፁ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። 9 ስትቆጥሩ ድምፁ ከተሰማ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ እያነሰ ከመጣ እየቀረበ ነው። የምትቆጥሩት ግን ቤት ገብታችሁ ነው።

ወደ ሐረማያ ስንመለስ ተማሪዎቹ በመስኮት ደመናውን ይመለከቱ ነበር። ያን ዕለት ያስተማሩን እኒያ እናት ናቸው። እኛ ምክንያቱን እናውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩ።

ጥያቄዎች

1. ደጋ ከቆላ ለምን ይቀዘቅዛል?
2. ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደቻቱ ለምን ሞላ?
3. በመንደራችሁ በክረምት የሚሞላ ደረቅ ወንዝ አለ? ራስጌው የት ነው? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።