ስም አልተገኘም

ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን እዚህ ቡላኦስ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ማንንም አላማም።

እንደምታውቁት የማታ ትምህርት የምንሰጥባት ክፍል ጠባብ በመሆኗ ተማሪው የሚፈተነው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ተማሪው ስሙን ሲጽፍባት የፈተና ሰዓቱንና ወንበሩን የምታሳይ ትንሽ ድረ ገጽ ሠራሁ። ከአገር የወጣሁት ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ነው፤ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የድረ ገጽ ቋንቋ የተማርኩትም እዚሁ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ለብቻዬ እየታገልኩ ነው። ገጿ ስትሠራ ሳይ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። እውነተኛ ስሟን አልጽፍም፤ ፀሐይ እንበላት። ስሟን ጻፈች፤ ገጿ «አልተገኘም» አለቻት። ደግማ ጻፈች፤ ያው ነው። እኔም «ምናልባት ሳትመዘገቢ ቀርተሽ ይሆናል» አልኳት። እናትየው ምንም አልመለሱልኝም። ይህን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ። ራሽን ሲታደል ወይም ወረቀት ሲታደስ «ስምሽ የለም» የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ ክርክር አትገጥምም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ትሄዳለች። እሳቸውም ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ማታ ዝርዝሩን ስከፍተው ልጅቷ አለች! ታዲያ ገጿ ለምን አላየቻትም?

እዚህ ላይ ስለ ሎግ ልንገራችሁ። ወደባችን ላይ መርከብ ስታዩ አስታውሱት፤ የድሮ መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለማወቅ ቁራጭ እንጨት በገመድ አስረው ባሕር ላይ ይጥሉ ነበር፤ በገመዱ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች ቆጥረው ያገኙትን ይመዘግቡታል። እንጨቱ በእንግሊዝኛ ሎግ ስለሚባል መዝገቡም ስሙን ከዚያ ወሰደ። የኮምፒውተር ሰዎችም ወረሱት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማርክ 2 በተባለው ግዙፍ የሒሳብ መኪና ውስጥ የእሳት ራት ገብታ ተገኘች፤ ሠራተኞቹ አውጥተው በመዝገባቸው ገጽ ላይ ለጠፏት። መዝገቡ ከነራቷ በዋሽንግተን ሙዚየም ተቀምጧል።

የእኔን ራት ግን በዓይን ማየት አልተቻለም። ድረ ገጽ የሚሠራው በተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ ነው፤ ሲሳሳትም አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ብራውዘሩ ግን ኮንሶል የሚባል ጓዳ አለው፤ ፕሮግራሙ በየእርምጃው ያየውን እዚያ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። እኔም በየመስመሩ «ጻፍ፣ ጻፍ» አልኩት። ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደብኝና የምፈልገው ጠፋብኝ።

ያን ጊዜ ሎግሌቭል የተባለ ላይብረሪ አስገባሁ። ላይብረሪ ስል መጽሐፍ የሚዋሱበትን ቤት ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው፣ ማንም ወስዶ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። መልእክቶችን በአምስት ደረጃ ይከፍላል፤ ከተራ ዱካ ይጀምርና በዝርዝር፣ በመረጃና በማስጠንቀቂያ አልፎ እስከ ስሕተት ይደርሳል። ካልነገሩት በስተቀር የሚያሳየው ማስጠንቀቂያና ስሕተት ብቻ ነው። ሲቸግር ደረጃውን ዝቅ አድርጎ ሁሉን ማየት፣ ሲያበቃ ከፍ አድርጎ ዝም ማሰኘት ነው፤ የጻፉትን መስመር መደምሰስ አያስፈልግም።

የተጻፈውን ስምና የዝርዝሩን ስም ጎን ለጎን አስወጣሁ። ሁለቱንም አነበብኩ፤ ፀሐይ፣ ጸሀይ። ልዩነት አልታየኝም! ዓይኔ ድምፁን እንጂ ፊደሉን አላየም። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር አስጻፍኩ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ዝርዝሩ 4928፣ 4624፣ 4845 አለ። ልጅቷ የጻፈችው ደግሞ 4920፣ 4608፣ 4845። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች።

መፍትሔው አሥር መስመር አልሞላም። ከማነጻጸሩ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው እንዲመልስ አደረግሁ። ይህ ለፍለጋ ብቻ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቤተሰቡ ያስመዘገበው አጻጻፍ ነው። ስም ያለባቸውን የሎግ መስመሮች ግን ያኔውኑ አጠፋሁ። የስደተኛ ስም ሰው በሚዋሰው ላፕቶፕ ላይ ተዝረክርኮ መቅረት የለበትም፤ እንዲህ ያለውን ደረጃ ከፍ በማድረግ ብቻ አልተውም።

ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጅቷ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ስሜን የምጽፈው እንደዚህ ነው» አለችኝ። እናትየው ደግሞ «መምህር፣ በአባቷ አጻጻፍ ይሁን፤ ያስመዘገባት እሱ ነው» አሉኝ። ያመለጣትን ፈተና ከሰዓት በኋላ ተቀመጠች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ትቻለሁ፤ ስም የተገኘው ፊደል ተለውጦ ከሆነ የተማሪው ተራ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። ማታ ኮንሶሉን ስከፍት ሦስት ቁጥሮች ነበሩ። አንዱ የፀሐይ ነው። ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን መጥተው ምንም ሳይናገሩ የተመለሱ ልጆች ነበሩ።