መቶ ሰማንያ ወታደር

«ቁጥር አይዋሽም» ሲባል እንሰማለን። በትምህርት ክፍላችንም ዜና ስንጽፍ ቁጥር እንድንፈልግ ዘወትር ይነገረናል። ትክክል ነው። እኔ ግን በቤተሰባችን ውስጥ ለዓመታት የኖረ አንድ ቁጥር አውቃለሁ። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ሙሉውን የነገረን ሰው ግን አልነበረም።

ቁጥሩ 180 ነው። የአክስቴ ሲዲ ፎር ነበር። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው እኔ በተወለድኩበት ዓመት አካባቢ ነው። ታሪኩን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ከራሷ አንደበት ሲሆን እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች። ያኔ የመከረቻት ነርስ ነገሩን ለማቅለል ብላ «ሲዲ ፎር ማለት የሰውነትሽ ወታደር ነው፤ ያንቺ 180 ደርሷል» አለቻት። አክስቴ በመላ ሰውነቷ የቀሩት 180 ወታደሮች ብቻ መሰሏት። በቀን አንድ አንድ ቢሞት ብላ አሰላች፤ ስድስት ወር ሆነ። ከዚያማ ልብሷን ለእህቶቿ ማከፋፈል ጀመረች።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ሲዲ ፎር ሴል አይደለም፤ በአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እነዚህ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከወንድሞቻቸው አይለዩም፤ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን፣ ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር እንደሚያውቅ ሁሉ እርሱም የሚይዘውን ለይቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮህለር እና ሴዛር ሚልስታይን ኬምብሪጅ ውስጥ አንቲቦዲ የሚያመርት የአይጥ ሴልን ከማይሞት የካንሰር ሴል ጋር አዋሐዱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለማቋረጥ ማምረት ተቻለ። ሁለቱ ሰዎች በ1984 ከኒልስ ጄርን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ብዙም ሳይቆይ ሲዲ ፎርን ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ተሠራ። በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያልታወቀ በሽታ ሲከሰት መሣሪያው በሐኪሞች እጅ ነበር። የታማሚዎቹ ሲዲ ፎር ያላቸው ሴሎች ተሟጠው እንደነበር የታየው በእርሱ ነው። ቫይረሱ የተገኘው ግን በ1983 ነው። ሌባው ሳይታወቅ የተሰረቀው ዕቃ ታወቀ ማለት ነው። በ1984 ደግሞ ቫይረሱ ወደ ሴሉ የሚገባበት በር ይኸው ሲዲ ፎር መሆኑ ታወቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ደም ቀለም ከተለጠፈበት አንቲቦዲ ጋር ይቀላቀላል። ከቀለሞቹ አንዱ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ ነው። አንቲቦዲው ሲዲ ፎር ያለበትን ሴል ፈልጎ ይይዛል። ከዚያ ሴሎቹ ተሰልፈው በማሽኑ ብርሃን ፊት ሲያልፉ የሚያበሩት ይቆጠራሉ። ውጤቱ የሚጻፈው ታዲያ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ነው። ይህም የአንድ ሊትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ከአንዲት ጠብታም እጅግ ያነሰ ማለት ነው። አንድ አዋቂ ሰው አምስት ሊትር ገደማ ደም አለው። 180ን በአምስት ሚሊዮን አባዙት፤ ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ይመጣል። ይህም በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ሴሎች የሚኖሩት በሊምፍ ዕጢዎችና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ነው።

ይህን ስል 180 ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ከ200 በታች የሆነ ሰው ለከባድ ሳንባ ምችና ለሌሎች በሽታዎች ይጋለጣል። አክስቴንም ያዳናት አገራችን በ2005 በነፃ መስጠት የጀመረችው መድኃኒት ነው። እያደር ቁጥሯ ወጣ፤ ዛሬም ጤነኛ ናት። ነገር ግን ከባድ አደጋ ሌላ፣ የስድስት ወር ዕድሜ ሌላ ነው።

ቁጥሩ ከሰው ውሳኔ ጋርም የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የሚጀመርበትን ወሰን በ2010 ከ200 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገው። በ2015 ደግሞ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ቁጥሩ ሳይጠየቅ እንዲጀምር መከረ። የሰው ደም አልተለወጠም፤ የተለወጠው መስመሩ ነው። ከዚህም ሌላ በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮጵያውያንና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በጋራ ባደረጉት ጥናት የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ ፎር ከኔዘርላንድሳውያኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ አንዱ አገር ጤነኛ የሚባል ቁጥር ሌላው አገር ላይ ሊያስደነግጥ ይችላል። ዛሬ የሕክምናው ውጤት በዋናነት የሚታየው በቫይረሱ መጠን ሲሆን፣ ሲዲ ፎር ደግሞ በሽታው የጠናበትን ሰው ለመለየት ያገለግላል።

ውድ አንባቢያን፣ ነርሷን ለመውቀስ አልጻፍኩም፤ «ወታደር» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው አስተምራለች። የጎደለችው «በአንድ ማይክሮ ሊትር» የምትል ሐረግ ናት። እኛ ነገ ሬዲዮና ጋዜጣ ላይ የምንሠራ ልጆች ቁጥር ስንይዝ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ የተቆጠረው ምንድን ነው? በምን ተቆጠረ? ከስንት ውስጥ? መልሱን ለመጻፍ አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አዘጋጁ ቦታ የለም ብሎ ሊቆርጥ የሚመጣውም ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ነውና፣ እንከራከርላት።