ለፔዳ ልጅ ማጫወቻ መግዛት

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ናት። «ጋሼ፣ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ኤምፒስሪ ላክልኝ፤ ብቻ ሚሞሪ የሚቀበል ይሁን» ብላ ጻፈችልኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው ይስቃሉ። ዘፈን ስልክ ውስጥ አለ፤ ስልክ የሌለው የለም፤ ሁለተኛ ዕቃ ተሸክሞ መዞር ለምን?

እሷም ስልክ አላት። ችግሩ የስልኳ ሥራ መብዛቱ ነው። የቴሌብር ገንዘቧ እዚያ ነው፤ ከቤተሰብ የምትገናኘው በእሱ ነው፤ በቴሌግራም የተላከላት ሀንዳውት ሁሉ እዚያ ተከማችቷል፤ መብራት ሲጠፋ ለዶርሙ የሚበራውም እሱ ነው። መብራት በሄደበት ማታ ዘፈን እየሰሙ የስልክ ቻርጅ መጨረስ ቅብጠት ነው። ኢንተርኔቱንም መርሳት አይቻልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ሙዚቃውን ሁሉ ከኢንተርኔት እየቀዳ ይሰማ የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ፤ ሚሞሪ የነበረው መስማቱን ቀጠለ።

ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ ጨዋታ አልመሰለኝም። ቁጭ ብዬ ዕቃ ስመርጥ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እዚህ አገር ሰው የሚመርጠው ማጫወቻውን ነው። ፔዳ ላይ የሚመረጠው ዘፈን የሚጭነው ልጅ ነው።

ከዚህ አገሩ ልጀምር። ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውት ዕቃ አበቃለት ከተባለ ቆይቷል፤ አፕል እንኳ የመጨረሻውን አይፖድ መሸጥ ያቆመው በ2022 ነው (ዓ.ም. ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ይሁንና በሁለት በር ተመልሶ ገብቷል። በአንደኛው በር ባለ ገንዘቦች አሉ። ሶኒ በ2023 ያወጣው ኤን ደብሊው ኤ306 የተባለ ዎክማን እዚህ 350 ዶላር ገደማ ተሸጧል፤ አስቴል ኤንድ ከርን የሚባለው የኮሪያ ኩባንያ ደግሞ ዋጋቸው በሺህ ዶላር የሚቆጠር ማጫወቻዎች አሉት። በሁለተኛው በር የገቡት አሮጌ ዕቃ አዳኞች ናቸው፤ ከ2014 ወዲህ የማይመረተውን አይፖድ ክላሲክ ከልባሽ ገበያ ገዝተው፣ ሆዱን ከፍተው፣ የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥተው በሚሞሪ ካርድ ይተኩታል። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። እነሱ ከስልካቸው መሸሽ ይፈልጋሉ፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ስልኳን ልታተርፍ።

የአመራረጡ ሥርዓት የብቸኛ ሰው ሥርዓት ነው። ማታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ ቁጥር ከቁጥር ታስተያያለህ፦ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ድምፁን የሚቀይረው ቺፕ የማን ሥራ ነው፣ ስንት ቢት፣ ስንት ኪሎ ኸርዝ። የምታማክረው ሻጭ የለም። ዘፈኑ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅህም የለም፤ በወር በወር የምትከፍልበት የኢንተርኔት መዝገብ አለ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ ተብሎ ይታሰባል። ለአሜሪካዊው እውነት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን መዝገቡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በሸክላ ያሳተማቸው ሥራዎች ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ በኩል ዓለም ስላወቃቸው በቀላሉ ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውና እናቶቻችንን የዳረው የካሴት ዘመን ግን ብዙው የለም፤ ካለም አንድ ደግ ሰው ከነካሴቱ ሽውታ ዩቲዩብ ላይ የሰቀለው ነው።

ፔዳ ላይ የእኛ መዝገብ ሰው ነው። ስሙ ከፔዳጎጂ አካዳሚ ዘመን የቀረው ይህ ግቢ ከፖሊ (ከፖሊቴክኒኩ) ጋር ሆኖ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከተባለ ወዲህ ተማሪው እየበዛ ሄዷል፤ ተማሪ ባለበት ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለበት ደግሞ አንዱ ኮምፒውተር ዘፈንና ፊልም ይጭናል። ሚሞሪህን ወይም ፍላሽህን ትሰጠዋለህ፤ ጫኙ «ምን ምን ላድርግልህ?» ይልሃል፤ ጨዋታው ከዚህ ይጀመራል። ፎልደሮቹን ያየ ሰው የከተማዋን ጆሮ ያያል፦ የድሮ፣ አዲስ፣ እስክስታ፣ የሠርግ፣ ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ወላይትኛ፣ መዝሙር፣ ስብከት፣ ቀልድ። ከወለጋ የመጣ ፍሬሽማን ናፍቆቱን የሚያስጭነው እዚያው ነው። የባጃጅ ሹፌሩ ፍላሽ የተለየ ነው፤ ቅልጥ ያለ፣ ለመንገድ የሚሆን፣ ተሳፋሪ የማያስከፋ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈኑን አስጠፍቶ መዝሙር የሚያስጭን ደንበኛ ይበዛል፤ ለፋሲካ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል። እዚህ አገር ያለው የኮምፒውተር ቀመር ምን መስማት እንደምፈልግ አውቃለሁ ይለኛል እንጂ ጾም መግባቱን አያውቅም።

ጫኝና ጫኝ ይለያያል፣ ማወቅ ያለባችሁም ይህን ነው። ሰነፉ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይገለብጥልሃል፤ አንዱ ዘፈን አራት ጊዜ ይመጣል፣ ግማሹ መሐል ላይ ይቆረጣል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ፎልደሩን ደብቆ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚያሳይ ቫይረስ ይመርቅልሃል። ጎበዙ ይጠይቃል። ይሁኔ በላይን ከወደድህ ሰማኸኝ በለውንም ልጨምርልህ ይላል። በእኛ ጊዜ ባዶ ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት ስንሄድ፣ በአንድ ፊቱ 30 ደቂቃ ውስጥ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚያውቅ ቀጂ ነበር፤ የዛሬው ጎበዝ ጫኝ የዚያ ሰው ወራሽ ነው። የፔዳ ልጆች ጥሩ ጫኝ ሲያገኙ እንደ ጥሩ ፀጉር አስተካካይ አይለቁትም።

የዕቃ ምርጫው ከዚህ ይነሳል። ማጫወቻው ከጫኙ ኮምፒውተር ጋር ካልተግባባ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ጌጥ ነው። አይፖድን ተመልከቱ። በ2001 ሲወጣ 5 ጊጋ ይዞ፣ ሺህ ዘፈን በኪስ ተብሎለት፣ በ399 ዶላር የተሸጠ ተአምር ነበር፤ ከእሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ የወጣው የኮሪያው ኤምፒማን 32 ሜጋ ብቻ ነበር የሚይዘው፣ እሱም ስምንት ዘፈን ገደማ። ከዳያስፖራው ወገን አይፖድ በስጦታ ወደ አገር ቤት የላከ ጥቂት አይደለም፤ እዚያ ሲደርስ ግን ጉዱ ይፈላል። አይፖድ ዘፈን የሚያውቀው በራሱ መዝገብ ነው። ጫኙ እንደ ፍላሽ ከፍቶ ቢገለብጥበት ዘፈኑ ቦታ ይይዛል እንጂ አይዘፍንም። በአይቲዩንስ ልጫን ካለ ደግሞ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነውና ያለውን አጥፍቼ ልጀምር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ካሉት ከአሜሪካ ተሞልቶ የመጣው ሁሉ ጠፋ። ዕቃው የተሠራው ለአንድ ባለቤትና ለአንድ ኮምፒውተር ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ለሺህ ሚሞሪ የሚሠራበትን አገር ያሰበ አልነበረም። ሮክቦክስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር በአንዳንድ አሮጌ አይፖዶች ላይ ከተጫነ ዘፈኑን ከፎልደር ቀጥታ ያጫውታል፤ ያን ሳታስገቡበት አይፖድ አትላኩ።

የሚሞሪው ጉዳይ ተንኮል አለበት። ርካሽ ማጫወቻ አብዛኛው ጊዜ ፋት32 በተባለው አሠራር የተሰናዳ ካርድ ብቻ ነው የሚያነበው፤ 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች ደግሞ ኤክስፋት በተባለው ተሰናድተው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ስለዚህ 32 ጊጋ ይበቃል። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ይወስዳል፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ሜጋ፣ በ32 ጊጋ ከስድስት ሺህ ዘፈን በላይ። ይህን ሁሉ ሰምቶ የጨረሰ ተማሪ መመረቁ ያጠራጥራል። ደግሞ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ሆዱ ግን ጥቂት ጊጋ ብቻ የሆነ የውሸት ካርድ እዚህም እዚያም ይሸጣል። እስኪሞላ ደህና ይመስላል፤ ከሞላ በኋላ አዲሱ ዘፈን አሮጌውን ይበላል። ከመላክ በፊት ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ነጻ መፈተሻ አለ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ፈትኑት።

ስለ ድምፅ ጥራት የአሜሪካ ቁጥር አምላኪዎች ያጋንናሉ፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ ጭራሽ ይተዉታል። እውነቱ መሐል ላይ ነው፤ በሙዚቃ መሣሪያዎቻችን ላይም ይሰማል። ኤምፒስሪ ቦታ ለመቆጠብ ጆሮ አይለየውም ያለውን ድምፅ ይጥላል፤ በ128 ኪሎቢት ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ ከ16 ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ይቆረጣል፣ ከዚያ በታች ሲወርድ ደግሞ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ለከበሮና ለባስ ያን ያህል አያሳስብም። ማሲንቆ ግን የፈረስ ጭራ ከፈረስ ጭራ ሲፋተግ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ሻካራነቱ ያለው ከላይኛው ክፍል ነው። በገናም እንዲሁ፤ አሥሩ አውታሮች በእንዚራው ቆዳ ላይ እየነዘሩ የሚያወጡት ያ እምምታ ክፉኛ ሲጨመቅ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ዓለሙ አጋን በደህና ፋይልና በተጎሳቆለ ፋይል አስተያይታችሁ ስሙ። ችግሩ አንዴ የጠፋ አለመመለሱ ነው፤ ከካሴት ወደ ኤምፒስሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ኤምፒስሪ የተመላለሰን ዘፈን በስተመጨረሻ 320 ብለው ቢያስቀምጡት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ዘፈኑ አያገግምም። የ350 ዶላሩ ማጫወቻ እንዲህ ያለውን ፋይል የሚያደርገው ጉድለቱን አጥርቶ ማሰማት ብቻ ነው።

ፊደልም አለ። የእኛ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ርካሽ ማጫወቻ ላይ ግን ዛሬም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጫኞች የፋይል ስም በላቲን ይጽፋሉ፣ እያንዳንዱም እንደመጣለት። ጥላሁን ገሠሠን አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት፣ ሦስተኛው ያለ አይ ይጽፈውና ማጫወቻው በዘፋኝ ስም ሲደረድር ጥላሁን ሦስት ሰው ይሆናል። መፍትሔው በዘፋኝ ስም የሚደረድር ዘመናይ ዕቃ ትቶ በፎልደር የሚሄድ መግዛት ነው።

እንግዲህ የገዛሁት ይህ ነው፦ ቁልፉ በጣት የሚዳሰስ፣ የሚሞሪ ቀዳዳ ያለው፣ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ የሚቀበል፣ በስልኳ ቻርጀር የሚሞላ፣ ኤፍ ኤም ያለው ርካሽ ማጫወቻ። ኤፍ ኤሙ ለባሕር ዳር 96.9 ነው። ገመዱን እዚህ ያለ ሰው ይንቀዋል፤ አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ቀዳዳውን ከደፈነ ወዲህ ሁሉም ገመድ አልባ ሆኗል። ኤፍ ኤም ግን የማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ነው የሚጠቀመው። ደግሞ ዶርም ውስጥ አንዱን ገመድ ሁለት ሰው ይካፈለዋል፤ ስቴሪዮ የተቀረጸው ዘፈን ግማሹ ለአንዷ ግማሹ ለሌላዋ ይደርሳል፣ እስካሁን በዚህ የተጣላ አልሰማሁም።

የቀረው ካርዱን መሙላት ነበር፣ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ጫኙን ማመስገን አይሰለቸኝም፤ ከሚሰበስበው ሳንቲም ግን ለዘፋኙ የሚደርስ የለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ደርሶ አያውቅም። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የዘፈን መሸጫ መተግበሪያ ሲከፍቱ ዓላማቸው ይህን ማስተካከል ነበር፤ ኤልያስ በ2012 ዓ.ም. መስከረም አረፈ። እንዲህ ባሉ መተግበሪያዎች የተገዛ ዘፈን ግን አብዛኛው ጊዜ ከስልኩ አይወጣም፤ የአዝራር ማጫወቻ የያዘች ተማሪ ብትከፍልም አትጠቀምበትም። እዚህ ያለን ሰዎች የተሻለ ዕድል አለን። አፕል ከ2009 ጀምሮ የሚሸጠው የዘፈን ፋይል መገልበጥ የሚከለክል ቁልፍ የለበትም፤ ከሲዲም መገልበጥ ይቻላል። በአበሻ ሱቆች ከበርበሬውና ከእንጀራው አጠገብ የቀሩት ጥቂት ሲዲዎች ሳያልቁ ግዙ። ወደ ኤምፒስሪ ስትቀይሩ 256 ኪሎቢት አድርጉት፤ አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻ የአፕሉን ፋይል አያነብም።

አስቴርን፣ ሙሉቀንን፣ የማሲንቆና የበገና ፎልደር፣ ለጾሙ መዝሙር ለብቻ አድርጌ ሁሉንም በገንዘቤ ገዝቼ ሞላሁት። ዕቃው በሰው እጅ ደረሰ። ልጅቷ አዳዲስ ዘፈን ለማስጨመር ወደ ጫኙ ስትሄድ እሱ ካርዱን ከፍቶ አየ፣ ሙሉውን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ፣ ለእሷም በነጻ ጫነላት። አሁን ከፎልደሮቹ መሐል «ጥራት ያለው» የሚባል አዲስ አለ፤ እንደነገረችኝ ዋጋውም ከሌላው ትንሽ ከፍ ያለ ነው።