አምስት ዓመት ለሁለት ደቂቃ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ አንድ ልጅ «ፋርማሲ ደረሰኝ» ሲል ጎረቤቱ «መድኃኒት ሻጭ ልትሆን ነው?» ይለዋል። ለመሸጥማ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አያስፈልግም። ኬሚስትሪው፣ የሆስፒታል ልምምዱ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተና ለሌላ ሥራ ነው።

ገበሬው ሳል ይዞት ይመጣና «አሞክሳሲሊን ስጠኝ፣ ግማሹ ይበቃኛል» ይላል። ሻጭ ቆርጦ ይሰጠዋል። የተማረው ግን «አባቴ፣ ጉንፋን ከሆነ ይህ አይረዳዎትም፤ ሐኪም ካዘዘልዎትም አያቋርጡት፣ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል» ይላል። አምስቱ ዓመት ለዚህች የሁለት ደቂቃ ንግግር ነው።

ችግሩ፣ ገበሬው ወጥቶ ከጎረቤት መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ተቀጣሪው ወጣት ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይጋጫል። ሳይታዘዝ የሚሸጠው ሁሉ እኩል ካልተከለከለ፣ እውነት የተናገረው ብቻ ገበያ ያጣል።